ፒኤችፒ፣ ጃቫና ኖድን አንድ ሰርቨር ላይ ስናኖር የምንሠራቸው ስህተቶች

እዚህ ድሬ የማውቃቸው አብዛኞቹ ነጋዴዎች ያላቸው አንድ ሰርቨር ነው። እኔም ከዚራ ላለ አንድ ጅምላ አከፋፋይ እንዲህ ያለ ማሽን እከታተላለሁ። የዕቃ መቆጣጠሪያው በፒኤችፒ ተሠርቷል። ሒሳቡና ደመወዙ በጃቫ፣ ትእዛዝ መቀበያው ደግሞ በኖድ፤ ሦስቱም ፕሮግራም የሚሠራባቸው ናቸው። አራቱም ፕሮግራሞች እዚያው ማሽን ላይ ናቸው። አብረው መኖር ይችላሉ። ግን እያንዳንዱ ማሽኑ ላይ ብቻውን ያለ ይመስለዋል። ራሙም (የሥራ ማህደረ ትውስታው) ዲስኩም የእሱ ብቻ ይመስለዋል። ወሰን ካላበጀንላቸው አንዱ ሌላውን ይጥላል።

የመጀመሪያው ስህተት ለእያንዳንዱ የራሱን በር (ፖርት) መክፈት ነው። የፒኤችፒውን የሚያቀርበው አፓቼ 80ን ይይዛል፣ የጃቫውን የሚያቀርበው ቶምካት 8080ን። የኖድ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ 3000 ላይ ይነሣሉ። ስለማይጋጩ ሁሉንም ፋየርዎሉ (ከውጭ የሚመጣውን የሚያጣራው) ላይ ከፍተን እንሄዳለን። ለግቢው አንድ በር ይበቃዋል። ኤንጂንኤክስ የሚባለውን በረኛ ፕሮግራም ከፊት አቁሙት፤ 80 እና 443ን እሱ ብቻ ይያዝ። ሌሎቹ 127.0.0.1 (ከዚያው ማሽን ብቻ የሚደረስበት አድራሻ) ላይ ብቻ ያዳምጡ። ኤንጂንኤክስ የመጣውን ሰው የጠራውን የድረ ገጽ ስም እያየ ወደየቤቱ ይመራዋል። ለተመሰጠረ ግንኙነት የሚያስፈልገውን የኤስኤስኤል ሰርተፊኬትም የምታድሱት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይሆናል። አፓቼን ግን ወደ 8081 ማዛወር አትርሱ። ሁለቱም 80ን ከፈለጉ ቀድሞ የተነሣው ይይዘዋል፣ ሌላው አይነሣም።

ሁለት ቀን ሙሉ ያለፋኝ ግን የኩኪ (ብሮውዘሩ የገባውን ሰው ለማስታወስ የሚይዘው ትንሽ መረጃ) ጉዳይ ነው። ያኔ ሒሳቡና ደመወዙ በሁለት ቶምካት፣ በአንድ አድራሻና በተለያየ ፖርት ይሠሩ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሒሳቡን ከፍታ ትሠራለች። ደመወዙን ከፍታ ስትመለስ ሒሳቡ «እንደገና ይግቡ» ይላታል። «አቦ ምንም አልነካሁም፤ ራሱ ነው የሚያስወጣኝ!» አለችኝ። እኔ ኔትወርኩን ጠረጠርኩ። ገመድ ቀየርኩ፣ ስዊቹን አጥፍቼ አበራሁ። እውነቷን ነበር። ብሮውዘር ኩኪን የሚለየው በአድራሻው ነው እንጂ በፖርት ቁጥሩ አይደለም። ሁለቱም ቶምካቶች የመግቢያ ኩኪያቸውን ጄሴሽንአይዲ ብለው ነው የሚጠሩት። ሁለቱም ፕሮግራሞች ደግሞ ዋናው መንገድ (ከአድራሻው ቀጥሎ «/» ብቻ ያለበት) ላይ ነበር የተጫኑት። ስለዚህ የአንዱ ኩኪ የሌላውን ይተካዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ የየራሱ የድረ ገጽ ስም ስጡት፣ ወይም የአንዱን ኩኪ መጠሪያ ቀይሩ። ሠራተኛ «ምንም አልነካሁም» ሲላችሁ መጀመሪያ እመኑት።

ራሙን ሳይከፋፍሉ መተው ሌላው ነው። ጃቫ ገደብ ካልተሰጠው የማሽኑን ራም ሩብ ያህል ለራሱ መጠቀም እችላለሁ ብሎ ይነሣል። ማሽኑ 8 ጊጋባይት ከሆነ ሁለት ጃቫ እስከ 4 ጊጋባይት ሊወስድ ይችላል ማለት ነው። ያውም ከዚያ ውጭ የሚፈልገው ሳይቆጠር። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል አለ፣ ፒኤችፒ አለ፣ ኖድ አለ። ራሙ ሲያልቅ ሊኑክስ አንዱን ይገድላል። ብዙ ጊዜ የሚገድለውም ብዙ የያዘውን ነው፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ዳታቤዙ በድንገት ከሞተባችሁ የከርነሉን (የሊኑክስ እምብርት) ሎግ፣ ማለት የክንውን መዝገቡን እዩ። ከዚያ ለጃቫው ኤክስኤምኤክስ (Xmx) በሚባለው ማስተካከያ የራም ጣሪያ አብጁለት፣ ለፒኤችፒም በአንዴ ስንት ሂደት እንደሚያስነሣ ወስኑ።

ሰዓቱም ያጣላል። ፒኤችፒ ካልተነገረው በዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ይቆጥራል። ጃቫ የማሽኑን ሰዓት ይከተላል። የእኛ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ይቀድማል። አንዱ ሽያጭ ሁለት ቦታ ላይ የተለያየ ሰዓት ይይዛል፤ የሌሊቱ ደግሞ ቀኑም ይለወጣል። እኛ አገር ይህ ቶሎ አይታይም፤ «የፈረንጅ ሰዓት ነው» ብለን እናልፈዋለን። የፈረንጁና የእኛ ልዩነት ግን 6 ነው። 3 ካያችሁ ማስተካከያው ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ሁሉንም «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ላይ አድርጓቸው።

ሁሉንም «ሩት» በሚባለው፣ ሁሉ በተፈቀደለት ተጠቃሚ ማስነሣትም አለ። አንዱ ከተሰበረ ሰባሪው የሁሉንም የይለፍ ቃል ያነባል። ለእያንዳንዱ የራሱን ተጠቃሚ ክፈቱ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የቶምካትን ሎግም እዩት። ካታሊና አውት የሚባለው ፋይል ካልተቆረጠ ዝም ብሎ ያድጋል። ዲስኩ ሲሞላ ዳታቤዙ መጻፍ ያቆማል፣ ሁሉም አብረው ይቆማሉ።

የመጨረሻው በእጅ ማስነሣት ነው። ኖዱን ተርሚናል ላይ አስነሥተን እንሄዳለን። መብራት ይጠፋል፣ ይመለሳል። አፓቼና ማይኤስኪውኤል ራሳቸው ይነሣሉ፤ ኖዱ ግን የለም። ስልክ የሚደወልልን ደግሞ እሑድ ጠዋት ነው። እያንዳንዱን በሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን በራሱ በሚያስነሣው) አስመዝግቡት። ሲወድቅ እንዲነሣ፣ ጃቫውም ከዳታቤዙ በኋላ እንዲነሣ ንገሩት። ከዚያ ሱቁ ለቀትር ሲዘጋ ባክአፕ ያዙና ማሽኑን ራሳችሁ አጥፍታችሁ አብሩት። ምንም ሳትነኩ አራቱም ከተከፈቱ ደህና ነው። ያልተነሣ ካለም ሱቁ እስኪከፈት ጊዜ አላችሁ።