ፖላሪተኑ ሁለት መስመር ሆኖ አልታይ ሲል
ፖላሪተን ብርሃንና ኤክሳይተን (የተጣመሩ ኤሌክትሮንና ሆል) ሲቀላቀሉ የሚፈጠር ነው፤ ትስስራቸው ጠንካራ ሲሆን በኢነርጂ የተለያዩ ሁለት መስመሮች ይታያሉ። ናሙናው የጋሊየም አርሰናይድ ማይክሮካቪቲ (ብርሃን በመስታወቶች መሃል የሚታሰርበት ቀጭን ክፍል) ነው እንበል፤ ኤክሳይተኖቹን የሚይዙት ቀጭን ንብርብሮች፣ ኳንተም ዌሎቹ፣ መሃል፤ ከተፈራረቁ ንብርብር ጥንዶች የተሠሩት ብራግ መስታወቶች ከላይና ከታች። የላይኛውና የታችኛው ፖላሪተን ካልታዩ ናሙናውን ከመኮነን በፊት ልኬቱን መርምሩ።

ምልክት፦ በፎቶሉሚነሰንስ (ናሙናው ሌዘር ሲያርፍበት በሚሰጠው ብርሃን) አንድ መስመር ብቻ።
ይህ ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። በ10 ኬልቪን የሙቀት ኢነርጂው 0.86 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት 10 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ከሆነ የላይኛው ፖላሪተን ባዶውን ይቀራል ማለት ይቻላል። ሌዘሩን አጥፉና የነጭ ብርሃን ነጸብራቅ ለኩ።

ምልክት፦ በነጸብራቅም አንድ ሰፊ ስርጉድ (ነጸብራቁ የሚቀንስበት ቦታ) ብቻ።
መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማዕዘኑ ነው። የካቪቲው ኢነርጂ ከማዕዘን ጋር ይጨምራል። ቀጥ ባለ አቅጣጫ 1.5 ኤሌክትሮን ቮልት የሆነ ካቪቲ፣ የብርሃን ስብራት መጠኑ 3.3 ከሆነ፣ በ25 ዲግሪ 12 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ከፍ ይላል። እስከዚያ ማዕዘን የሚሰበስብ ሌንስ ያገኘውን ሁሉ ደባልቆ ወደ ስፔክትሮሜትሩ ካስገባ የሚፈለገው ክፍተት እዚያው ይዋጣል። የሌንሱን የኋላ ትኩረት ገጽ (እያንዳንዱ ማዕዘን በየራሱ ነጥብ የሚያርፍበትን) በሁለተኛ ሌንስ በስፔክትሮሜትሩ ስንጥቅ ላይ አሳርፉ። ካልተመቸ እዚያው ገጽ ላይ አይሪስ (የሚጠብ ቀዳዳ) አድርጋችሁ እስከ 2 ዲግሪ አጥብቡ።

ቀጥሎ ቦታ ቀይሩ። ናሙናው ሲያድግ ካልተሽከረከረ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለያያል፤ ካቪቲውም አብሮ ይንሸራተታል። በ0.2 ሚሊ ሜትር እርምጃ እየሄዳችሁ መዝግቡ። አንድ ነጥብ ላይ ሁለት ስርጉድ ማየት ማስረጃ አይሆንም፤ መስመሮቹ ተቀራርበው ሳይነካኩ መመለስ አለባቸው።

ምልክት፦ መስመሮቹ ተሻገሩ።
የብርሃኑና የኤክሳይተኑ ትስስር ደካማ ነው። በ1.5 ኤሌክትሮን ቮልት የካቪቲው ጥራት (ኪው) 500 ከሆነ የመስመሩ ስፋት 3 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል፤ የአንድ ዌል ክፍተት ከ3 እስከ 4 ስለሆነ በግድ ነው የሚለየው። የመስታወት ጥንዶች ጨምሩ። ዌል መጨመርም ይረዳል፤ ክፍተቱ በዌሎቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ስለሚያድግ እኩል የተቀመጡ 4 ዌሎች እጥፍ ያደርጉታል። ግን ቦታቸውን አትሳቱ፤ የብርሃኑ መስክ ጫፍ ላይ ይሁኑ፦ በ800 ናኖሜትር ብርሃን የመስኩ ጫፍና ዜሮ የሚራራቁት 57 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚስተካከለው አዲስ ናሙና ሲበቅል ነው።

ምልክት፦ የሌዘሩ ኃይል ሲጨምር ክፍተቱ ጠፋ።
መስመሩ ወደ ባዶ ካቪቲው ኢነርጂ ከወጣ ቻርጆች በዝተው ኤክሳይተኑን አፍርሰውታል፤ በግራጫ ማጣሪያ 10 እጥፍ ቀንሱ። መስመሩ ወደ ቀይ (ወደ ዝቅተኛ ኢነርጂ) ከሸሸ ደግሞ ናሙናው ሞቋል። ሌዘሩን በቾፐር (ጨረሩን እየከፈተ በሚዘጋ ተሽከርካሪ ዲስክ) ቆራርጡ፣ ናሙናው ከክራዮስታቱ (ከማቀዝቀዣው) ጋር የተጣበቀበትን የብር ቀለምም ፈትሹ።