የፖይንት ጫማ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉ

ልጆቻችሁ ባሌት የሚማሩ ወላጆች፣ እባካችሁ የፖይንት ጫማን (በእግር ጣት ጫፍ ቆሞ ለመደነስ የሚደረገውን የባሌት ጫማ) አትዘፍዝፉ፤ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም አትክተቱ። በባህላዊው አሠራር የጫማውን ጫፍ ያጠነከረው እንጨት ወይም ብረት አይደለም፤ በሙጫ የተደራረበ ጨርቅና ወረቀት ነው። ውሃ ሲገባው ይለሰልሳል፣ እግርንም መደገፍ ያቅተዋል። ያኔ የሚያሳስበኝ ጫማው ሳይሆን የልጅቷ ቁርጭምጭሚት ነው።

የጫማው የውጭ ጨርቅ፣ ማለትም ሳቲኑ፣ ከቆሸሸ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁ፤ አንድ ጠብታ ለስላሳ ሳሙና ጨምሩበትና ቀስ እያላችሁ ጥረጉ። አትሹት፤ ክሩ ይሻክራል። አልለቅ ያለ እድፍ ካለ ከፋርማሲ የሚገዛውን ሮዝ ካላሚን ሎሽን በስፖንጅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ባለሙያ ዳንሰኞችም ለመድረክ የሚያደርጉት ነው፤ የሳቲኑን ብልጭታ አጥፍቶ ቆሻሻውን ይሸፍናል።

ሪባኑ ተፈትቶ በእጅ ሊታጠብ ይችላል። ጫፉ ከተተረተረና ናይለን ከሆነ ላይተር ለቅጽበት ማስጠጋት ይበቃል፤ የጥጥ ሪባን ግን ይነዳል፣ ተጠንቀቁ።

ከቆሻሻ ይልቅ ጫማውን ቶሎ የሚጨርሰው ላብ ነው። ልምምዱ እንዳለቀ የጣት መከላከያውን አውጡና ጫማውን ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ስቀሉት። ብዙ ሰው በላስቲክ ከረጢት አፍኖ እስከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይተወዋል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ጫማው ውድ ነውና። ማሞቂያ አጠገብም አታስቀምጡት። አቅም ከፈቀደ ሁለት ጥንድ እያፈራረቃችሁ ተጠቀሙ፤ አንዱ ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ።