ተርሚኔተር አይቶ ለሚጣላ ሁሉ፦ ችግሩና መፍትሄው

ድሬ ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ሲከር የት ይወጣል? ከዚራ አንድ ጓደኛችን ቤት በርጫ ላይ ቁጭ ብለን ከወደፊቱ ዘመን ስለሚላኩ ገዳይ ሮቦቶች የሚተርኩትን ስድስቱንም የተርሚኔተር ፊልሞች ጨረስናቸው። ጭቅጭቁ ግን አሁንም አላለቀም፣ ሁለቱ እስካሁን ተኳርፈዋል። እኔም እንደ መካኒክ አንድ በአንድ ፈታሁት።

ችግር፦ ማሽኖቹ ዓለምን በኑክሌር የሚያወድሙበትን ቀን አንዱ "ጥፋቱ በ97 ነው" ሲል ሌላው "97ማ እኮ ምርጫ ነበር አቦ!" ይላል።

ምክንያቱ የቀን አቆጣጠር ነው። ሁለተኛው ፊልም ላይ የተባለው ኦገስት 29 ቀን 1997 በእኛ ነሐሴ 23 ቀን 1989 ነው። ስካይኔት የተባለው፣ በሰው ላይ የሚነሳው ኮምፒውተር ነፍስ የሚያውቅበት 2፡14 ደግሞ በእኛ አጠራር ከሌሊቱ 8፡14 እንጂ ጠዋት አይደለም። መፍትሄ፦ ዓመቱን ሁላችሁም በፈረንጅ ቁጠሩ። አለቀ።

ችግር፦ ማሽኖቹን የሚዋጉት ሰዎች መሪ ጆን፣ ወታደሩን ካይልን እናቱን ሳራን እንዲጠብቅ ከ2029 ወደ 1984 ላከው፣ ካይል ሄዶ ከሳራ ጆንን ወለደ። ታዲያ መጀመሪያ ማን ነበረ?

ይሄ ነው ያኳረፈን። ምክንያቱ፣ የ1984ቱ ፊልም ጊዜን እንደ ቀለበት ነው የሚያየው፤ የሆነው ሁሉ ድሮም ሆኗል፣ የሚቀየር ነገር የለም። ማስረጃ ካስፈለገ የሳራን ፎቶ ተመልከቱ። ካይል በጦርነቱ ዘመን ከጆን የተቀበለው ፎቶ ነው፤ ግን ፎቶው ሲነሳ የምናየው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ ካይል ከሞተ በኋላ፣ ነዳጅ ማደያ ጋ ነው። ቀለበት ላይ "መጀመሪያ" ብሎ የሚፈልግ ሰው ሲዞር ይውላል። የ1991ዱ ግን ሕጉን ገለበጠው። ከመጀመሪያው ሮቦት የተረፈውን ቺፕና ክንድ አቀለጡት፣ እንግዲህ ስካይኔት ከየት ይመጣል? ካልመጣስ ካይልን ማን ላከው? የ2003ቱ ደግሞ "አልቀረም፣ ተራዘመ እንጂ" ብሎ ጥፋቱን ወደ ጁላይ 25 ቀን 2004 ወሰደው።

መፍትሄ፦ ከመከራከራችሁ በፊት በየትኛው ሕግ እንደምትከራከሩ ተስማሙ። በቀለበቱ ከሆነ ቺፑን ማቅለጥ ዋጋ የለውም። ይቀየራል ካላችሁ ደግሞ ጆን አባቱ ካልተላከበት ዘመን እንዴት እንደተረፈ አስረዱኝ፤ እኔ በበኩሌ ጊዜው እንደ መንገድ ሁለት ቦታ ተከፈለ ብዬ ነው የማልፈው፣ ፊልሙ ባይለውም። የእኛዎቹ አንዱ በመጀመሪያው ሕግ፣ ሌላው በሁለተኛው ሲጮሁ ነው የዋሉት። ሁለቱም ልክ ናቸው ወላሂ!

ችግር፦ በ2019ኙ ፊልም ጆን በ1998 ተገደለ፣ ግን በ2009ኙ ፊልም ትልቅ ሰው ሆኖ ይዋጋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የ2019ኙ ፊልም ሦስተኛውን፣ አራተኛውንና አምስተኛውን እንዳልነበሩ ቆጥሮ ከሁለተኛው ነው የሚቀጥለው። መፍትሄ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት ብላችሁ እዩ። አምስተኛውን ጭራሽ ብትዘሉት አይቆጫችሁም።

ችግር፦ መጀመሪያው ፊልም ላይ "ሕይወት ያለው ሥጋ ያልለበሰ ነገር በጊዜ አያልፍም" ተባለ። ሁለተኛው ላይ ያ ከፈሳሽ ብረት የተሠራው ሮቦት እንዴት አለፈ?

ምክንያት የለውም፣ ረስተውት ነው መሰለኝ። መፍትሄም አላገኘሁለትም። ከእኛ መሃል አንዱ "ሥጋ ውስጥ ጠቅልለው ልከውት ይሆናላ፣ እንደ ሳንቡሳ" አለ። ሳቅን፣ ግን እስካሁን ከሱ የተሻለ ያመጣ የለም።