ያነበባችሁት መጽሐፍ፣ ያያችሁት ፊልም እንዳይጠፋባችሁ

ለዚሁ ብቻ የሚሆን አንድ ደብተር መድቡ። መጽሐፉን እንደዘጋችሁ ወይም ፊልሙ እንዳለቀ፣ ሌላው ሰው ምን እንዳለ ዩቲዩብ ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት ጻፉ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ የሌላ ሰው አስተያየት ቀድሞ ከገባ የራሳችሁን መለየት ይከብዳል።

ታሪኩን አትድገሙት። የረበሻችሁን አንድ ቦታ ምረጡና «ለምን?» በሉ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው ለፍቅረኞቹ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ማዘኑ አይቀርም፤ እኔ ግን ጉዱ ካሣ ላይ ቆዩ እላለሁ። የሥርዓቱን ግፍ በግልጽ የሚናገረውን ሰው አገሩ ለምን እንደ እብድ አየው? እኔስ እዚያ ብኖር ከማን ጋር እቆም ነበር? መልሱን ሳታሳምሩ ጻፉት፣ ማንም አያነበውም።

ለፊልም ዓይንና ጆሮ ጨምሩ። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ስታዩ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር የተናገረውን ብቻ አትያዙ፤ ዝም ሲል ካሜራው ምን ያሳያል? ምን ድምፅ ይሰማል?

ገጹ ላይ ቀን አስፍሩ። ከዓመታት በኋላ ያንኑ መጽሐፍ ስትደግሙት አዲስ ገጽ ክፈቱ፣ የድሮውን ማስታወሻ የምታነቡት አዲሱን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ነው። አምስት መስመር ይበቃል፤ ከደከማችሁ ሁለትም ይሆናል።