በከተማ አውራ ጎዳና ዳር የተተከሉ ዛፎችን ስብጥር ለማጥናት

የአዲስ አበባን ቀለበት መንገድ ከመገናኛ እስከ ቦሌ ድረስ ለማጥናት ቢያስቡ፣ በመጀመሪያ መንገዱን በ500 ሜትር ይከፋፍሉና ለየክፍሉ ቁጥር ይስጡ። የሰው ኃይል ካነሰ በዕጣ የወጡትን ክፍሎች ብቻ መቁጠር ይቻላል፤ ዐይን የማረከውን ጥላማ ቦታ መርጦ መቁጠር ግን ውጤቱን ከጅምሩ ያዛባዋል። ግራና ቀኙን ዳርና የመሀል አካፋዩን በተለያየ ቅጽ ይመዝግቡ። ሥራው ተሽከርካሪ በሚቀንስበት እሑድ ማለዳ ቢሆን፣ ቆጣሪዎቹም አንጸባራቂ ሰደርያ ቢለብሱ ይመረጣል።

የግንዱን ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክተው ለ3.14 ቢያካፍሉት ውፍረቱን ያገኛሉ። ከዚያ ከፍታ በታች ለሁለት የተከፈለ ዛፍ ሲያጋጥም ሁለቱንም ግንድ ለክተው እንደ አንድ ዛፍ ይቁጠሩት።

ከሁሉም የሚከብደው ዝርያን መለየት ነው፤ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ሊሰጡት ይገባል። ግራቪሊያ ቅጠሉ እንደ ፈርን የተሰነጣጠቀ፣ ጀርባውም ብርማ በመሆኑ በቀላሉ ይታወቃል። የሐበሻ ጽድና የፈረንጅ ጽድ ግን ከሩቅ ስለሚመሳሰሉ ቀርቦ ፍሬያቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ የሐበሻው ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሲሆን፣ የፈረንጁ ደርቆ የሚሰነጠቅ እንጨታማ ኳስ ነው። የሐበሻ ጽድ ብዙውን ጊዜ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሚገኙ፣ ፍሬ አላየሁም ብሎ የፈረንጅ ነው ማለት አይገባም። «ግራር» የሚለው ስምም ብዙ ዝርያዎችን ስለሚያጠቃልል ብቻውን አይበቃም። ያልታወቀውን ዛፍ በግምት ከመሰየም «ያልታወቀ 1» ብለው ይመዝግቡ፤ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አድርቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፀዋት ናሙና ማከማቻ) ባለሙያዎች ያሳዩ።

ቆጠራው ሲያልቅ የዝርያዎችን ቁጥር ብቻ ማየት ያሳስታል። መቶ ዛፎች በአራት ዝርያ እኩል ቢከፋፈሉ የሻነን መለኪያ፣ ማለትም ዝርያዎቹ ሲበዙና ድርሻቸው ሲቀራረብ ከፍ የሚለው የስብጥር መለኪያ፣ 1.39 ይሆናል፤ ከመቶው 70ው ግራቪሊያ ሆነው ሌሎቹ ሦስቱ ዐሥር ዐሥር ቢሆኑ ግን ወደ 0.94 ይወርዳል። አንዱ ዝርያ ከገነነ አንድ በሽታ ጎዳናውን ሊያራቁተው ይችላል፤ በአሜሪካ ከተሞች የኤልም ዛፎች ያለቁት በዚህ መንገድ ነው። አሜሪካዊው የዛፍ ተመራማሪ ፍራንክ ሳንታሞር በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከአንድ ዝርያ ከ10፣ ከአንድ ወገን (ጂነስ) ከ20፣ ከአንድ ቤተሰብ ከ30 በመቶ በላይ እንዳይተከል የመከሩትም ለዚሁ ነው። እኔ ግን በአገራችን ሌላ ዓምድ እንዲጨመር አጥብቄ እመክራለሁ፤ ይህም እንደ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ያሉ አገር በቀሎች ከጃካራንዳና ከግራቪሊያ አንጻር ያላቸው ድርሻ ነው።

በመጨረሻም ባዶ የመትከያ ጉድጓዶችንና ጉቶዎችን ይቁጠሩ፤ በቀጣዩ ክረምት ምን ያህል ችግኝ፣ በየትኛው ክፍል እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ከእነሱ ነው።