ጣሊያን ሠራሽ ሞተር ሳይክል ሲገዛ፦ መጀመሪያ ጋራዡን፣ ቀጥሎ ሞተሩን ማየት

ኤምቪ አጉስታ፣ ዱካቲ፣ ቢሞታ ወይም ሞቶ ጉዚ ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቶሎ ይበላሻል ወይ?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ከእሱ የሚቀድም አለ። ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት የጣሊያን ሞተር ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሞተር ሳይክሉን ጋራዥ ውስጥ ጨርቅ አልብሶ የሚያስቆመው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ዕቃ ነው፦ የነዳጅ ቱቦ ማያያዣ፣ ሬጉሌተር (የባትሪውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው ዕቃ)፣ የፍሪሲዮን እጀታ፣ የዳሽቦርድ ሶኬት። ዕቃው በ3 ቀን ከደረሰ ነገሩ ተራ ብልሽት ነው። 4 ወር ከፈጀ ግን የመንዳት ወቅቱ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ሲበላሽ ማን፣ በምን ዕቃ፣ በስንት ቀን ይሠራልኛል?» የሚለው ነው።

ወኪሉን በስልክ መፈተን

ሞተር ሳይክሉን ለማየት ከመሄድዎ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ከሻጩ ይቀበሉ። ከዚያ ቅርብ ለሆኑት ሁለት ወኪሎች ይደውሉና ከሽያጭ ክፍሉ ጋር ሳይሆን ከመለዋወጫ ክፍሉ ጋር ይነጋገሩ። የሻንሲ ቁጥሩን ሰጥተው የሦስት ዕቃዎችን ዋጋና የመድረሻ ቀን ይጠይቁ። አንዱ በየጊዜው የሚቀየር ይሁን፣ ለምሳሌ የዘይት ፊልትሮ። ሁለተኛው ቆሞ ሲወድቅ የሚሰበር ይሁን፣ የግራ እጀታ ወይም የፍሬቻ መብራት። ሦስተኛው ከሞተሩ ውስጥ ወይም ከኤሌክትሪኩ ይሁን፣ የሲሊንደር ራስ ጓርኒሲዮን ወይም ዳሽቦርድ።

ፊልትሮው መደርደሪያቸው ላይ ከሌለ ያንን ብራንድ አዘውትረው አይሠሩም ማለት ነው። እጀታው በ2 ሳምንት ውስጥ መድረስ አለበት። ለሦስተኛው ዕቃ ረዘም ያለ ጊዜ ቢነግሩዎት አይደንግጡ፤ ዋናው ነገር ቀን መስጠታቸው ነው። «ይክፈሉና እናዛለን፣ ሲመጣ እንደውላለን» ካሉዎት ዕቃው የት እንዳለ ራሳቸውም አያውቁም። ዋጋውንና ቀኑን በኢሜይል እንዲልኩልዎት ይጠይቁ። በቃል የተባለ ነገር ስልኩ ሲዘጋ ይረሳል።

ቀጥሎ ከጋራዡ ኃላፊ ጋር ይነጋገሩ። ይህን ሞተር የሚፈታው ማን ነው? ባለፈው ዓመት ስንት ሠራ? የፋብሪካው መመርመሪያ ኮምፒውተር እዚህ አለ ወይስ ሲያስፈልግ ከሌላ ከተማ ይመጣል? መመርመሪያው ከሌለ የሰርቪስ መብራት ማጥፋት፣ አዲስ ቁልፍ ማስተዋወቅና የኢንጀክሽኑን ፕሮግራም ማደስ ብዙውን ጊዜ አይቻልም። በመጨረሻም በሚያዝያና በግንቦት ለቫልቭ ሥራ ወረፋው ስንት ሳምንት እንደሆነ ይጠይቁ። በአሜሪካና በአውሮፓ ሁሉም ሰው ሞተር ሳይክሉን የሚያወጣው በዚያን ጊዜ ስለሆነ የጋራዡ አቅም በደንብ የሚታየው ያኔ ነው።

የኩባንያው ታሪክ ለምን ይጠናል

ባለቤቱ የሚለዋወጥ ኩባንያ የመለዋወጫ መጋዘኑና ከወኪሎቹ ጋር ያለው ውልም አብሮ ይናጋል። ለዚህ ከኤምቪ አጉስታ የተሻለ ምሳሌ የለም። ማሲሞ ታምቡሪኒ የነደፈው ኤፍ4 የተባለው ሞዴል በ1997 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝብ ከታየ ወዲህ ኩባንያው ብዙ እጅ ዞሯል። በ2004 የማሌዥያው ፕሮቶን ገባበት፤ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ድርሻውን በ1 ዩሮ ሸጦ ወጣ። በ2008 ሃርሊ ዴቪድሰን ገዛው፤ በ2010 ለቀድሞ ባለቤቱ ለካስቲሊዮኒ ቤተሰብ መለሰው። በ2014 መርሴዲስ ኤኤምጂ 25 በመቶ ያዘ። ከዚያ የሩሲያው ሳርዳሮቭ ቤተሰብ መጣ። በ2022 የኦስትሪያው ሞተር ሳይክል አምራች ኬቲኤም 25.1 በመቶ ገዛ፣ በ2024 አብላጫውን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኬቲኤም ራሱ በዕዳ ምክንያት ፍርድ ቤት ስለቀረበ በ2025 ኤምቪ ወደ ሳርዳሮቭ ተመለሰ።

እያንዳንዱ ለውጥ አንዳንድ ወኪሎችን ያመጣል፣ አንዳንዶቹን ያስወጣል። ስለዚህ ኤምቪ ሲገዙ ወኪሉ «ውላችሁ ዛሬ ከማን ጋር ነው? ዕቃስ በቀጥታ ከፋብሪካው ከቫሬሴ ታዝዛላችሁ?» ተብሎ በግልጽ ይጠየቅ። በሩ ላይ የተሰቀለው ምልክት ውሉ ካለቀ በኋላም ሊቆይ ይችላል።

ዱካቲ ከ2012 ጀምሮ በአውዲ በኩል በፎልክስቫገን ቡድን ሥር ነው። ሞቶ ጉዚና አፕሪሊያ ከ2004 ጀምሮ የፒያጆ ናቸው። በዚህ በኩል ሦስቱም የተረጋጉ ናቸው። ቢሞታ ለብቻው የሚታይ ነው። ሪሚኒ ውስጥ በ1973 የተመሠረተ ትንሽ ቤት ሲሆን ሻንሲውን ራሱ ሠርቶ ሞተሩን አብዛኛውን ጊዜ ከጃፓን ያመጣል። ከ2019 ወዲህ ካዋሳኪ 49.9 በመቶ ድርሻ አለው። ኬቢ4 የተባለው ሞዴል 1043 ሲሲ የካዋሳኪ ሞተር የተገጠመለት ስለሆነ የሞተሩን ዕቃ ከየትኛውም የካዋሳኪ ወኪል ማግኘት ይቻላል። የአካል ሽፋኑና የሻንሲው ዕቃ ግን ከሪሚኒ ብቻ ነው። ይህ ከወደቁ በጣም የሚያስከፍል፣ ካልወደቁ ግን ብዙ የማያስጨንቅ ሞተር ሳይክል ነው።

ሰርቪሱን በኪሎሜትርም በዓመትም ማስላት

የዱካቲ ዴስሞ ሥርዓት ቫልቩን በሞላ (ስፕሪንግ) አይዘጋም፤ የሚከፍት አንድ ክንድ፣ የሚዘጋ ሌላ ክንድ አለው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቫልቭ ላይ ሺም የሚባሉ ሁለት ማስተካከያ ብረቶች ይለካሉ። 8 ቫልቭ ላለው ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር 16 ልኬት፣ ለፓኒጋሌ ቪ4 ደግሞ 32 ልኬት ነው። የሰርቪሱ ዋጋ የሚከብደው በዕቃው ሳይሆን በሰዓቱ ነው። የፓኒጋሌ ቪ4 የቫልቭ ሥራ በየ24,000 ኪሎሜትር ሲሆን፣ በሞላ የሚዘጋው የመልቲስትራዳ ቪ4 ሞተር ግን በየ60,000 ነው። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ «ቪ4» ስም፣ ሆኖም የሰርቪስ ወጪያቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ቫልቩን የሚያንቀሳቅስ ቺንጋ ያላቸው የዱካቲ ሞተሮች ላይ ዕድሜው ከርቀቱ በላይ ይታያል። በድሮዎቹ በ2 ዓመት፣ በኋለኞቹ በ5 ዓመት ይቀየራል፤ ቆሞ ቢከርምም እንኳ። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። በ2012 ከወጣው 1199 ፓኒጋሌ ጀምሮ የሱፐርባይኮቹ ሞተር ከቺንጋ ወደ ካቴና ተቀይሯል።

«12 ዓመቱ ነው፣ 6,000 ኪሎሜትር ብቻ ነው የሄደው» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ሰው ያማልላል። እንዲህ ያለ ሞተር ሳይክል ጎማው፣ የራዲያተር ቱቦዎቹ፣ ቺንጋው፣ የፍሬን ዘይቱና ባትሪው ሁሉ አርጅተው ይጠብቁዎታል። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን የመጨረሻ 4 አሃዞች ያንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የሰርቪሱን ሰዓት በጋራዡ የሰዓት ዋጋ ያባዙና ከመሸጫው ላይ ይቀንሱ። ጋራዡ ለቫልቭ ሥራ 8 ሰዓት ቢጠይቅና በሰዓት 150 ዶላር ቢያስከፍል፣ ዕቃ ሳይጨምር 1,200 ዶላር ነው። ወኪሉ 300 ኪሎሜትር ርቆ ከሆነ የጭነት መኪናውን ኪራይ ለመሄጃም ለመምጫም ይደምሩ።

የሞቶ ጉዚ ቪ7 ቫልቭ ግን በውጪ የተቀመጠ ያህል ነው። ሁለት ክዳን ተፈትቶ በቀዝቃዛ ሞተር ክፍተቱ በቁልፍና በካቻቢቴ ይስተካከላል። ወኪል በሌለበት ከተማ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ የጣሊያን ምርጫ የለም።

ፊት ለፊት ሲያዩት

ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይንገሩት። ሲደርሱ እጅዎን ሞተሩ ላይ ያኑሩ፤ ሞቆ ከጠበቀዎት የሚደበቅ ነገር ሊኖር ስለሚችል ሌላ ቀን ይመለሱ። መልቲሜትር ይዘው ይሂዱ። ባትሪው ሞተሩ ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ሞተሩ ተነስቶ በ4,000 ዙር ከ13.5 እስከ 14.5 ካሳየ ደህና ነው። ከ13 በታች ከሆነ ወይም ከ15 በላይ ካለፈ ሬጉሌተሩ ወይም ሶኬቱ አልቋል። ሶኬቱን ነቅለው ይመልከቱ፤ ነጩ ፕላስቲክ ወደ ቡናማ ከዞረ ሲግል ከርሟል።

ባለ ሦስት ሲሊንደሮቹ የኤምቪ ሞዴሎች ማለትም ኤፍ3ና ብሩታሌ 675ና 800 ላይ ጆሮ የሚሰጠው ለሞተሪኖው ነው። ሞተሪኖውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ስፕራግ ክላች በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ኩሽኔታ መሰል ዕቃ ነው፤ የዚህ ቤተሰብ የታወቀ ድካምም እሱ ነው። አዝራሩ ሲጫን ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልዞረ፣ ወይም «ኳ» የሚል የብረት ድምፅ ከተሰማ፣ መንሸራተት ጀምሯል። የሚያባብሰው ደካማ ባትሪ ነው፦ ሞተሩ በቂ ኃይል አጥቶ ወደ ኋላ ሲመታ ጫናውን የሚቀበለው ይህ ዕቃ ነው። ለመቀየር የሞተሩ የጎን ክዳን ይከፈታል። ተቀይሮ ከሆነ ደረሰኙን ይጠይቁ። ሲገዙም የባትሪ ቻርጀር አብረው ይግዙና ሞተር ሳይክሉ በቆመ ቁጥር ይሰኩት።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ ፕላስቲክ ታንክ ያላቸው ዱካቲዎች ኢታኖል በተቀላቀለበት ቤንዚን ያብጣሉ። በአሜሪካ ይህ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩና በመሪውና በታንኩ መካከል ጣት ያስገቡ። በአንደኛው በኩል ጣት ካልገባ፣ ወይም የታንኩ ቡሎን ከቀዳዳው ጋር ካልገጠመ፣ አብጧል። ታንኩን አንስተው ከሥሩ ያሉትን የነዳጅ ቱቦ ማያያዣዎች ይዩ፤ ፕላስቲክ ከሆኑ በብረት ማስቀየር ርካሽ ነው፤ ከጋለ ሞተር በላይ ቤንዚን ከሚንጠባጠብ ይሻላል።

በዱካቲ የግራ ጎን፣ ከፊተኛው ጥርስ አጠገብ፣ የፍሪሲዮኑ ታችኛ ሲሊንደር አለ። ዙሪያው ረጥቦ ቀለሙ ከተላጠ ሲሊንደሩ ያፈሳል፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ያስለቅቃል። ደረቅ ፍሪሲዮን ያላቸው ዱካቲዎች ላይ ማርሽ ሳይገባ የሚሰማው ቅጭልጭልታ ግን የተፈጥሮ ድምፃቸው ነው።

የሞቶ ጉዚ 1200 ባለ 8 ቫልቭ ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች አንድ ወረቀት ብቻ ይፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ጠፍጣፋ ታፔት (ካምሻፍቱ ቫልቩን ለመክፈት የሚገፋው ዕቃ) ነበራቸው፤ ሽፋኑ እየተፋቀ ካምሻፍቱን ይበላል። ፋብሪካው በሮለር የሚቀይር ኪት አወጣ። የሮለር ኪቱ ደረሰኝ ከሌለ ሥራው ገና እንደሚቀር ቆጥረው ዋጋ ይነጋገሩ።

አዲስ አበባ ጋራዥ የገባ ሰው እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለው። የፋብሪካው የመለዋወጫ ሥዕል በጣሊያንኛ ቢመጣለትም ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቴና፣ ማርሚታ፣ ሞላ የሚሉት ቃላት ከልጅነቱ የሚያውቃቸው ናቸው። ሥዕሉን ሲያነቡ ከዕቃው በስተጀርባ ያለውን አምራችም ይፈልጉ። ፍሬኑ ብሬምቦ ከሆነ ሸራው በየትም ይገኛል፤ ኩሽኔታና የዘይት ማኅተም በልካቸው ከተራ ሱቅ ይገዛሉ። የሞዴሉ ብቻ የሆኑት ዳሽቦርዱ፣ የሽቦ መስመሩ፣ የአካል ሽፋኑና ማርሚታው ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ተሰብሮ ወይም ተጠጋግኖ ካዩ፣ ዋጋው ሳይታወቅ ገንዘብ አይክፈሉ።

ወረቀቱ

በአሜሪካ የሻንሲ ቁጥሩን በመንግሥቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በኤንኤችቲኤስኤ (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ያልተሠራ የፋብሪካ ጥሪ ካለ ይመልከቱ፤ ሥራው በነፃ ነው። በዚያው አገር ከ1975 ጀምሮ ያለው የማግኑሰን ሞስ ሕግ፣ ሰርቪሱን ሌላ ጋራዥ በማሠራትዎ ብቻ ዋስትናዎ እንዳይቀር ይከላከልልዎታል። ግን ቀኑን፣ ኪሎሜትሩንና የዘይቱን ዓይነት የያዘ ደረሰኝ መቀመጥ አለበት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አዲስ ዕቃ የሸጠ ነጋዴ ለ2 ዓመት በሕግ ተጠያቂ ነው። ይህም ከፋብሪካው ዋስትና የተለየ ስለሆነ ወኪሉ «ፋብሪካውን ጠይቁ» ቢል አይቀበሉት።

ሁለቱንም ቁልፎች ይቁጠሩ። በብዙ ዱካቲዎች ላይ ከቁልፉ ጋር የኮድ ካርድ ይሰጣል። ካርዱ ጠፍቶ አንድ ቁልፍ ብቻ ከቀረ፣ እሱም የጠፋ ዕለት ኮምፒውተሩን እስከ መቀየር ሊያደርስ ይችላል። ሻጩ «ቤት ውስጥ አለ፣ እልክልሃለሁ» ካለ ካርዱ እጅዎ እስኪገባ ክፍያው ይቆይ። ገንዘቡን የከፈሉ ዕለት ደግሞ 2 የዘይት ፊልትሮ፣ አንድ የፍሪሲዮንና አንድ የፍሬን እጀታ፣ ሬጉሌተርና የነዳጅ ቱቦ ማያያዣ ይዘዙ።