በብርድ ወራት በጫካና በአሮጌ የማዕድን ጉድጓዶች መካከል ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ገባ ብዬ ልይና ልመለስ» ማለት። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የተተወ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ አፉ በእንጨት ተከድኖ አፈር የለበሰ ነው። እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ቅጠል ይረግፍበታል፤ በረዶ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ሜዳ ይመስላል። ስለዚህ ዙሪያው የአፈርና የድንጋይ ክምር፣ መካከሉ ክብ ሆኖ የሰረጎደ ቦታ ስታዩ ርቃችሁ ዙሩ። በረዶው ሁሉ እንዳለ አንድ ቦታ ብቻ ቀልጦ ወይም እንፋሎት ሲወጣበት ካያችሁም ከስሩ ክፍተት እንዳለ ጠርጥሩ፤ በብርድ ወራት የምድር ውስጥ አየር ከውጪው ይሞቃልና። አንድ ጀማሪ እንዲህ ባለው ስፍራ «ደረቅ ቦታ አገኘሁ» ብሎ ምሳውን ሲዘረጋ በክንዱ ጎትቼ አንስቼዋለሁ። ተቀየመኝ።

ወደ ጎን የተቆፈረው ዋሻም አይሻልም። የምንተነፍሰው አየር 20.9 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለው። በተተወ ዋሻ ውስጥ የሚዝገው ማዕድንና የሚበሰብሰው እንጨት ይህን ኦክስጅን ይበሉታል፤ የሚቀረው በናይትሮጅንና በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ አየር ቀለምም ሽታም የለውም። አውሎ ነፋስ ሲቃረብና የአየር ግፊት ሲወርድ ደግሞ ይኸው አየር እስከ ዋሻው አፍ ይወጣል። ትናንት ገብቶ በሰላም የወጣ ሰው ለዛሬው ምስክር አይሆንም። ለራሳችሁ ባትፈሩ እንኳ ዋሻው ውስጥ ብርዱን ተኝተው ለሚያሳልፉት የሌሊት ወፎች እዘኑ፤ ከእንቅልፋቸው በነቁ ቁጥር እስከ ብርዱ ማብቂያ ያቆዩትን ስብ ያቃጥላሉ።

ድንጋይ ወርውሮ ጥልቀት መለካት። ድምፁ ከ3 ሰከንድ በኋላ ከተሰማ ጉድጓዱ ወደ 40 ሜትር ይጠጋል። ይኸው ነገርኳችሁ፤ አፋፉ ላይ መቆም አያስፈልግም።

የመጨረሻውን ሰው መርሳት። ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። ፊት ሆኜ እመራለሁ፣ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ የኋለኛው እንደ ደረሰ «እንሂድ» እላለሁ። እኛ አርፈናል፤ እርሱ ግን አንድም ጊዜ አላረፈም። አንድ ቀን መንገዱ ከሚለያይበት ቦታ ላይ ስቆጥር አንድ ሰው ጎደለ። ከ40 ደቂቃ ፍለጋ በኋላ ግንድ ላይ ተቀምጦ አገኘነው፤ ጣቶቹ ደንዝዘው የካፖርቱን ዚፕ መዝጋት አቅቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ልምድ ያለው ሰው ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ይሄዳል፤ በየመታጠፊያው እንቆጠራለን።

ጥጥ መልበስ። ከረጠበ አያሞቅም፤ ሱፍ ልበሱ።

ዘግይቶ መነሳት። ጫካ ውስጥ የሚጨልመው ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ነው። የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ፤ ያሰባችሁበት ባትደርሱም በሰዓቱ ተመለሱ።

ከዋሻ የሚወጣውን ብርቱካናማ ውሃ መቅዳት። ማፍላት ተሕዋስያንን እንጂ የሟሙ ብረቶችን አያስወግድም።

በስልክ ብቻ መተማመን። ብርድ የስልክን ባትሪ ቶሎ ያዳክማል፤ በውስጥ ኪስ ያዙት። ፊሽካም ያዙ፤ የድረሱልኝ ጥሪው ይህ ነው፦ በደቂቃ 6 ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና መንፋት። ግንድ ላይ ያገኘነው ሰው ፊሽካ ነበረው። ከሻንጣው ግርጌ፣ ከትርፍ ካልሲዎቹ ስር።